ሲራ በጉለሌ፦ ይጠጣ ወይስ ይቆይ?

አንድ ጠርሙስ ወጣት ሲራ፣ ሲራ ከሚባለው የወይን ዝርያ የተሠራ ቀይ ወይን፣ እጅዎ ገብቶ ከሆነ ከፊትዎ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ምን ዓይነት ወይን ነው? ዛሬ ይከፈት ወይስ ዓመታት ይቀመጥ? ሁለተኛው ይከብዳል። ብዙ ሰው ቀይ ወይን ድዱን ሲይዘውና ጉሮሮውን ሲያቃጥለው፣ «ይህማ ጠንካራ ነው፤ ሲቆይ ይጣፍጣል» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲከፍተው ግን የፍሬው ጣዕም ጠፍቶ ማቃጠሉና ማድረቁ ብቻ ቀርቶ ያገኘዋል። ጥንካሬ የዕድሜ ዋስትና ሆኖ አያውቅም። ታዲያ ምን ይታያል? ይህ መመሪያ የሚሞክረው ያንን ማሳየት ነው፤ የተጻፈውም ጉለሌ ውስጥ፣ እንጦጦ ሥር፣ ቡና በሚቆላበትና ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቤት ለሚቀምስ ሰው ነው።

የአገራችን ሲራ የሚመጣው ከዝዋይ፣ ከዛሬዋ ባቱ ነው። ተክሉን ያለማው ካስቴል ነው፤ ፒየር ካስቴል ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1949 ቦርዶ ላይ የመሠረተው፣ በ1998 ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የገዛው የፈረንሳይ ኩባንያ። የወይን ችግኙ ከፈረንሳይ መጥቶ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 1,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተተከለ። «ሪፍት ቫሊ» የሚል ስም የያዘው ወይን ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ይህን ዓመት ልብ ይበሉ። በፈረንሳይ የሮን ሸለቆ ያለው ኤርሚታዥ የሚባለው ኮረብታ ሲራ ከተከለ መቶ ዓመታት አልፈውታል፤ የዚያ ወይን 20 ዓመት ቆይቶ ምን እንደሚሆን የሚናገር ሰውም መዝገብም ሞልቷል። የ20 ዓመት የዝዋይ ሲራ ግን ዓለም ላይ ገና የለም። ስለዚህ «ስንት ዓመት ይቆያል?» ለሚለው ጥያቄ ከሌላ ሰው የሚዋሱት መልስ አያገኙም፤ የራስዎ አፍንጫ፣ የራስዎ ምላስና አንድ ደብተር ብቻ ናቸው ያሉዎት።

ሲገዙ

የሚገዙት ሦስት ጠርሙስ ይሁን፤ ተመሳሳይ ወይን፣ ተመሳሳይ ዓመት። አንዱ ለዛሬ፣ ሁለቱ ለመጠበቅ። በአንድ ጠርሙስ የመቆየት አቅምን መመርመር አይቻልም፤ ከፍተው ከጨረሱት በኋላ ትንበያዎ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ነገር አይቀርዎትም።

የመለያ ወረቀቱ ላይ የመከር ዓመት ካለ የፈረንጆች ቁጥር ነው። 2014 የሚል ጠርሙስ በእኛ አቆጣጠር የ2006 ወይም የ2007 ዓ.ም. ነው። በእኛ 2014 ያነበበው ሰው ከወይኑ ዕድሜ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀንሳል፤ «ገና ልጅ ነው» ብሎ የሚያስቀምጠው ጠርሙስ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል።

ከሱቅ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አይውሰዱ። ሻጩን በትሕትና «ከካርቶኑ አውጡልኝ» ማለት ነውር የለውም። ቡሹን የሸፈነውን ቆብ በጣት ይዳብሱት፤ ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ከወጣ ወይኑ አንድ ቦታ ሞቋል ማለት ነው። የወጣት ወይን መጠኑም እስከ አንገቱ ድረስ መድረስ አለበት።

ቤቱን ያዘጋጁ

እዚህ ላይ ከፈረንሳይ መጻሕፍት መለየት ግድ ይላል፤ የቅምሻ መጻሕፍት ስለ ዕጣን አይናገሩም። ቡና የሚቆላበት፣ ከርቤና ዕጣን የሚጨስበት፣ ቂቤ የሚነጠርበት ወይም በርበሬ የሚደለዝበት ቤት ውስጥ ሲራን መመርመር አይቻልም። ሽታው ከወይኑ ይመጣል ብለው የሚጽፉት ከማጀት የመጣ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ጭስም አለ። ይህ ጉዳይ ከሚመስለው ይልቅ አሳሳች ነው፤ በአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ አጠገብ የበቀለ ወይን የቅጠሉን ሽታ በእውነት ይይዛል፤ የጉለሌ ቀማሽ ግን ያው ሽታ ሲመጣበት መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የጎረቤትን ምድጃ ነው።

የምመክረው ሰዓት ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው። ቁርስ ወርዷል፣ ምሳው ገና አልተጣደም፣ የመስኮቱ ብርሃን ጥሩ ነው። የጥርስ ሳሙና ከተጠቀሙ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። ሽቶ አይቀቡ። ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይፈላል፤ የቤቱ እመቤት ይህን ከተቀበለች ሥራው ግማሽ አለቀ።

ሙቀቱስ? ለሲራ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። የጉለሌው ሽሮ ሜዳና አካባቢው ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነ በሐምሌ ወለል ላይ ያደረ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ከዚህም በታች ይወርዳል። ቅዝቃዜ ድድ የሚያደርቀውን ታኒን ያሾለዋል፤ አልኮሉንና ሽታውን ግን ይደብቃል። ሙቀት በተቃራኒው አልኮሉን አፍንጫ ላይ ይወረውረዋል። ስለዚህ በክረምት የጉለሌ ቀማሽ ወይኑ ከእውነቱ የበለጠ ሸካራ ይመስለዋል፣ ቦሌ ሞቃት ክፍል ውስጥ የቀመሰው ደግሞ ከእውነቱ የበለጠ ያቃጥላል ብሎ ይፈርዳል። ብርጭቆውን በመዳፍዎ አቅፈው ጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ለመጀመሪያው ችግር መድኃኒቱ ነው።

በብርሌ አይቅመሱ። ለጠጅ የተሠራ ውብ ዕቃ ነው፤ አንገቱ ግን አፍንጫ አያስገባም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይፈልጉና አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይሙሉ።

አፍዎን ያሠልጥኑ

አብዛኞቻችን ወይን የለመድነው በጣፋጭ በኩል ነው፤ በአክሱማይት፣ ወይም ቀይ ወይን ላይ ኮካ በመጨመር። ስኳር ታኒንንም ኮምጣጣነትንም ይሸፍናል። በዚያ የለመደ አፍ ደረቅ ሲራ ሲያገኝ ሁሉንም ነገር በአንድ ቃል «መራራ ነው» ይለዋል፤ በውስጡ ግን አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ካልለዩዋቸው ፍርድ መስጠት አይችሉም።

ስለዚህ ከቅምሻው በፊት አራት ስኒ ይደርድሩ። በመጀመሪያው ያለ ስኳር ለረጅም ጊዜ የተዘፈዘፈ ጥቁር ሻይ፤ ድድና ጉንጭ ላይ የሚሰማዎት መድረቅ ታኒን ነው። በሁለተኛው ጥቂት ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፤ ከምላስ ግራና ቀኝ ምራቅ የሚጠራው አሲድ ነው። በሦስተኛው በውሃ የቀጠነ ካቲካላ፤ ጉሮሮ ላይ የሚሞቀው አልኮል ነው። በአራተኛው ጌሾ የተዘፈዘፈበት ውሃ፤ ከምላስ ኋላ የሚቀረው እውነተኛው ምሬት ነው። በየመካከሉ ውሃ ይጎንጩ። ከዚህ በኋላ ሲራው አፍዎ ሲገባ የትኛው ምን እንደሆነ ለይቶ መጥራት ይቀልልዎታል። ይህን ልምምድ የሚዘልል ሰው ቀጣዩን ክፍል ባያነብ ይሻለዋል።

ዓይን፣ ከዚያ አፍንጫ

ብርጭቆውን ጋደል ያድርጉና ነጭ ነገር ላይ ይመልከቱት። ለዚህ የጉለሌ ሰው አይቸገርም፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራው ጥለት የሌለው ነጭ ጥጥ ከማንኛውም ወረቀት ይሻላል። ወጣት ሲራ መካከሉ ጥቁር ሊመስል ይችላል፤ የሚያነቡት ጠርዙን ነው። ሐምራዊ ጠርዝ ልጅነትን ያሳያል። ወደ ሸክላ ቀለም ያዘነበለ ጠርዝ ዕድሜን ወይም የአየር ጉዳትን። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓመት ብቻ የሚቆጥር ወይን ጠርዙ ሸክላ ከመሰለ ለማስቀመጥ ማሰብዎን ይተዉት። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ወደ ሰማያዊ በጣም የሚያደላ ቀለም ውብ ቢሆንም አሲዱ ዝቅ ያለ ሊሆን እንደሚችል ያስጠረጥራል። አፍ ሲገባ ይረጋገጣል።

አሁን ሳያሽከረክሩ ያሽትቱ፤ ከዚያ አሽከርክረው ይድገሙት። የተቀቀለ እንቁላል ወይም የተጫረ ክብሪት ከሸተተ አይደናገጡ። ሲራ በጠርሙስ ውስጥ የመታፈን ጠባይ አለው፤ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ግማሽ ሰዓት አየር ያስገቡት፣ ብዙ ጊዜ ይለቅቃል። የኮምጣጤ፣ የረጠበ ካርቶን ወይም የፈረስ ጋጣ ሽታ ግን አየር አያድነውም። እነዚህ ካሉ ቅምሻው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሌላ ጠርሙስ ይክፈቱ።

ጤነኛ ከሆነ ምን ይፈልጋሉ? ጥቁር እንጆሪ፣ ሮዝመሪ የመሰለ ቅጠል፣ አንዳንዴ ቋንጣ፣ ከሁሉ በላይ ቁንዶ በርበሬ። የመጨረሻው ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳወቁት ሲራን ቁንዶ በርበሬ የሚያሸትተው ሮቱንዶን የሚባል ውሕድ ሲሆን በእውነተኛው ቁንዶ በርበሬ ውስጥም ያለው ያው ነው። ቀዝቃዛ ቦታ የበሰለ ሲራ ይበዛበታል፣ ሞቃት ቦታ የበሰለ ያንሰዋል፤ ስለዚህ ከዝዋይ የመጣ ወይን ከበርበሬው ይልቅ ፍሬው ቢያመዝንበት አይገርምም። ከአዲሱ ገበያ አንድ እፍኝ ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ገዝተው፣ ደቀቅ አድርገው አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ በጠፋብዎ ቁጥር ያንን አሽትተው ወደ ብርጭቆው ይመለሱ።

ችግሩ፣ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ሮቱንዶንን ጨርሶ አያሸትትም። እርስዎ ከነዚያ አንዱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ብቻዎን አይፍረዱ፤ ሁለት ሦስት ጎረቤት ይጥሩ። አንድ ሥርዓት ግን ያስፈልጋል፦ ሁሉም የሸተተውን ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ከልጅ ወደ ታላቅ ይነበብ። ጋሼ ቀድመው «ቅርንፉድ ነው» ካሉ ቤቱ ሙሉ ቅርንፉድ ብቻ ነው የሚሸተው።

የጭስ፣ የቫኒላ ወይም የተጠበሰ እንጀራ ሽታ ካለ የበርሜል ነው። ጋን በወይራ እንደምናጥነው ሁሉ የኦክ በርሜልም ከመሞላቱ በፊት ውስጡ በእሳት ይለበለባል። የበርሜል ሽታ ወይኑን ውድ ያስመስለዋል፤ ስለ መቆየት አቅሙ ግን ብዙ አይነግርዎትም። ከበርሜሉ ኋላ ፍሬ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ከሌለ፣ ከዓመታት በኋላ የሚጠጡት እንጨት ነው።

አፍ፦ የትኛው ቀድሞ ይጠፋል?

አንድ ሙሉ ጉንጭ ይያዙ፣ አፍ ውስጥ ያንከባልሉት፣ ጥቂት አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ አሥር ሰከንድ ያቆዩትና ይትፉት። መትፋት በእኛ ማዕድ ነውር ይመስላል፤ እንግዶችዎን አስቀድመው ያስጠንቅቁና ለየሰው አንድ ስኒ ይስጡ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ አእምሮ ደግ ይሆናል፣ ደግ አእምሮ ደግሞ ማንኛውንም ወይን «ይቆያል» ይላል።

ከተፉ በኋላ ይጠብቁ። የዚህ ሁሉ ዝግጅት ዋናው ጊዜ ይህ ነው። አፍዎ ውስጥ ሁለት ነገር ይቀራል፤ የፍሬው ጣዕምና የታኒኑ መድረቅ። በልብዎ ይቁጠሩ፤ የትኛው ቀድሞ ይጠፋል? ፍሬው በሦስት አራት ሰከንድ ከጠፋና መድረቁ ብቻ ከቀረ፣ ይህ ወይን አፍ ላይ የቱንም ያህል ቢኮራ ስንቁ አልቋል። በጠርሙስ ውስጥ ዓመት ሲያልፍ ታኒንና ቀለም እየተያያዙ ይለሰልሳሉ፣ ከፊሉም ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል፤ ነገር ግን ትኩሱ ፍሬም በዚያው ጊዜ ይደበዝዛል። ታኒኑ እስኪገራ ድረስ የሚበቃ ፍሬ ከሌለ የሚጠብቁት ነገር የለም። ፍሬው ከመድረቁ በላይ ቆይቶ አሥር ሰከንድና ከዚያም በላይ ከተሰማዎት ግን ተስፋ አለው።

ቀጥሎ አሲዱን ይዩ። ከተፉ በኋላ ምራቅዎ ይመጣል? ሞቃት ቦታ ላይ ፍሬው በተክሉ ላይ እያለ ሙቀቱ ከአሲዱ ከፊሉን ያጠፋዋል፤ ለዝዋይ ወይን ከታኒን ይልቅ ይህ ይበልጥ ያሳስበኛል። አሲድ የሌለው ሲራ ዛሬ ወፍራምና ለስላሳ ነው፣ ደስ ይላል፤ በአራተኛው ዓመት ግን ልሙጥ ይሆናል። ታኒን ይለሰልሳል፣ የጎደለ አሲድ ግን ጠርሙስ ውስጥ አይተካም።

ታኒኑንም ራሱን በጥራቱ ይለዩት፤ ብዛቱ ብቻውን አይበቃም። እንደ ሻይው፣ የላመ ዱቄት መስሎ አፍን በእኩል የሚያለብስ የበሰለ ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚቧጭር፣ ጥሬ ቅጠል የሚያሸትት ያልበሰለ ነው፤ ተክሉ ላይ ያልበሰለ ታኒን ጠርሙስ ውስጥ አይበስልም። አልኮሉ ከተፉ በኋላ ጉሮሮዎን የሚያቃጥል ከሆነም ያ አይቀንስም፤ እንዲያውም ፍሬው ሲሳሳ ይበልጥ ይጎላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ አይቅረብ። በተለይ አይብና ክትፎ ታኒኑን ይዘው ስለሚያለሰልሱ ወይኑን ከእውነቱ ያሳምሩታል፤ በርበሬ ደግሞ የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሳል። ከፍርዱ በኋላ ጥብሱ ይምጣ።

ሦስት ቀን ይጠብቁት

ከጠርሙሱ ግማሹን ይተዉ። ቡሹን መልሰው ይክተቱ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ያቁሙት፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ትንሽ ይቅመሱ። አየር በገባው ጠርሙስ የሚሆነው ከቀስታው ዕድሜ ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ወይኑ ምን ያህል መቋቋም እንደሚችል ግን ያሳያል። በማግስቱ ከመጀመሪያው ቀን የተሻለ ከሆነ፣ ሽታው ተከፍቶ ታኒኑ ከለሰለሰ፣ ሁለቱን ጠርሙሶች ያስቀምጡ። እንደነበረ ከቆየ ለአንድ ሁለት ዓመት ይበቃል። በማግስቱ ዘቢብ ዘቢብ ካለ ወይም ኮምጣጤ ከጀመረው የቀሩትን በሚቀጥሉት ወራት ይጠጧቸው። በእኔ ግምት ለዕለት ተብሎ የሚሠራ የሞቃት አገር ሲራ ከመከሩ በኋላ ባሉት ከሦስት እስከ አምስት ዓመታት ውስጥ መጠጣት አለበት፤ ከዚያ በላይ የሚያስቀምጡት ይህን ፈተና ያለፈውን ብቻ ይሁን።

የት ይቀመጥ?

በዚህ በኩል ጉለሌ የታደለ ነው። የአዲስ አበባ አማካይ የዓመት ሙቀት 16 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአውሮፓ ነጋዴ ምድር ቆፍሮ የሚፈልገውን ሊደርስ ጥቂት የቀረው። ጠላትዎ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርድና ቀኑ ከ20 ያልፋል፤ ጠርሙሱ በየቀኑ ከሞቀና ከቀዘቀዘ ወይኑ ሲሰፋ ሲጠብ ቡሹን ያደክመዋል።

ስለዚህ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ፣ የፍሪጅ አናትና የኮንዶሚኒየም ምዕራባዊ ግድግዳ አይሆኑም። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ባለው ቤት፣ ከውጭ ግድግዳ በራቀ ጥግ፣ ወለሉ ላይ፣ አልጋ ሥርም ቢሆን፣ በጭድ ወይም በሸማኔ ትርፍራፊ ጥጥ በተሞላ ካርቶን ውስጥ ያጋድሙት። ማጋደሙ በበጋ ደረቅ አየር ቡሹ እንዳይኮማተር ነው። ካርቶኑ ብርሃንንም ይከለክላል። ርካሽ ቴርሞሜትር አብረው ቢያስገቡ ጥሩ ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሳምንት ካነበቡት ጥጉ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ራሱ ይነግርዎታል።

ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ጥቂት ነው፦ ቀኑ በእኛም በፈረንጆችም፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የጠርዙ ቀለም፣ ፍሬውና መድረቁ የቆዩበት ሰከንድ፣ ምራቅ መጣ ወይስ አልመጣም፣ በሦስቱ ቀናት የታየው ለውጥ፣ በመጨረሻም ትንበያዎ። ትንበያውን ሳይጽፉ አይዝጉት፤ «በሚቀጥለው ዓመት ፍሬው ይኖራል፣ ታኒኑ ይለሰልሳል» ዓይነት፣ ሊሳሳት የሚችል ዓረፍተ ነገር ይሁን።

ሁለተኛውን ጠርሙስ በዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ይክፈቱ። የቆጠሩት የፍሬው ሰከንድ ከአምናው ካልቀነሰና መድረቁ ከቀነሰ ሦስተኛው ሌላ ሁለት ዓመት ይተኛ። ፍሬው ካጠረ ግን ሦስተኛውን ለበዓል ብለው አያቆዩት፤ በዚያው ሳምንት ሥጋ ገዝተው ይጥበሱና ጎረቤቶቹን መልሰው ይጥሩ።